ከግሽ ዓባይ ታሪክ የተሰረዘው ሠዓሊ

የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከአውሮፓ ስለመጡ ሰዎች በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው ስም የጄምስ ብሩስ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ ባላባት ስሙ የገነነው ባየው ነገር ብቻ አይደለም፤ ያየውን ብቻውን እንዳየ አድርጎ በመጻፉም ጭምር ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአገው ምድር ሲጓዝ በቦሎኛ ተምሮ በሮም የሠራ አንድ ጣልያናዊ አብሮት ነበር። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። ብሩስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የባሉጋኒ እጅ በብዙ ገጾች ላይ ይታያል፤ ባለእጁ ግን ከታላቁ ቀን ተሰርዟል።

ይህ ትረካ የዚያን ሠዓሊ መንገድ ከትውልድ ከተማው እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም ሥራዎቹ እስካረፉበት ድረስ ይከተላል። በተለየ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማስመሪያና ፍርስራሽ

ባሉጋኒ በ1737 በሰሜን ጣልያን በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። ቦሎኛ ያን ጊዜ በሮም ጳጳስ ግዛት ሥር ነበረች፤ በዩኒቨርሲቲዋና በሠዓሊዎቿም የታወቀች ናት። ክሌመንቲና የተባለው የከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የወጣቶቹን እጅ የሚገራው በመስመር ነበር። ተማሪው ዓምድን በማስመሪያና በኮምፓስ ይነድፋል፤ ርቀትን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማሳየት ይለምዳል፤ የአንድን ትልቅ ሕንፃ ቁመትና ወርድ ልኩን ሳያዛንፍ አሳንሶ ያወርዳል። ባሉጋኒ የሕንፃ ንድፍን የተማረው በዚህ ሥርዓት ነው፤ በትምህርቱም ተሸልሟል።

ወደ ሮም የሄደው በ1760ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጊዜው ለእንደሱ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ነበር። በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ ሥር ተቀብረው የቆዩት ሄርኩላኒየምና ፖምፔይ መቆፈር ከጀመሩ ገና ከአንድ እስከ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ማለፋቸው ነው፤ ከመሬት የሚወጣው ሁሉ የመላ አውሮፓን ሰው ያስጎመጃል። ሠዓሊው ፒራኔዚ የሮምን ፍርስራሾች በመዳብ ላይ እየቀረጸ ያትማል። ጀርመናዊው ዮሐን ቪንኬልማን በ1764 የጥንቱን ሥነ ጥበብ ታሪክ አሳተመ። የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ሲወዱት የኖሩት ልስልስና ጥምዝምዝ ጌጥ ሰለቸና ቀጥ ያለ መስመር፣ የረጋ አቋም፣ የግሪክና የሮም ሥርዓት ተፈለገ። ይህ ፈለግ ኋላ ኒዮክላሲካል የሚል ስም ወጣለት።

የፈለጉ ታላቅ ሠዓሊ የሚሆነው ፈረንሳዊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ በዚያ ጊዜ በፓሪስ የሚያድግ ልጅ ነበር። ወደ ሮም የሚያስልከውን የፈረንሳይ አካዳሚ ሽልማት ያገኘው በ1774 ነው፤ ስሙን ያስጠራውን «የሆራቲዎች መሐላ» የተባለ ሥዕልም የሠራው በ1784 እዚያው ሮም ነው። ዳቪድ ነገሥታትን፣ አርበኞችንና አብዮተኞችን በትልልቅ ሸራ ላይ አቆመ። ባሉጋኒ ግን የዚያው ፈለግ ሌላ ወገን ነበር። በየበረሃው የፈረሰውን ቤተ ጣዖትና የድል በር እየለካ በወረቀት ከሚያስቀሩት፣ ታላላቆቹ ሠዓሊዎች ለታሪክ ሥዕላቸው መነሻ የሚያደርጉትን ንድፍ ከሚያቀርቡት ነዳፊዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ነዳፊ ስሙ ከሥራው ሥር ቢቀርም ማንም ብዙ አይገረምም።

ሠዓሊ የሚፈልግ ቆንስል

ጄምስ ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ኪነርድ በተባለ ርስት ተወለደ። ከስድስት ጫማ የሚያልፍ ቁመት፣ ቀይ ጠጉርና ቶሎ የሚቆጣ ልብ ነበረው። ሚስቱ ከጋብቻቸው ብዙ ሳይቆዩ በሳንባ ነቀርሳ ሞታበት መንከራተት ጀመረ። በ1762 የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንስል አድርጎ ሾመው። ከሹመቱ ጋር የተነገረው ተስፋ ግን ከቆንስልነቱ ይበልጥ ልቡን ማረከው፤ በሰሜን አፍሪካ ያሉትን የሮማውያን ፍርስራሾች በሥዕል እንዲያስቀር፣ ቢሳካለትም የዓባይን ምንጭ እንዲፈልግ።

ብሩስ ሥዕል በመጠኑ ይሞክራል። የዓምድን ጉልላት በልኩ አውርዶ ለንጉሥ የሚቀርብ ንድፍ ማውጣት ግን የሙያ ሰው ይጠይቃል። በሮም ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ወዳጁ አንድሩ ላምስደን ፈላልጎ ያገኘለት ባሉጋኒን ነው። ሠዓሊው ደመወዝ ተቆርጦለት በ1765 አልጀርስ ደረሰ። ዕድሜው 27 ወይም 28 ነበር። ወደ ጣልያን ዳግም አልተመለሰም።

ሁለቱ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በረሃ እየዞሩ ላምቤሲስን፣ ቲምጋድን፣ ስቤትላን፣ ዱጋን አዩ። ብሩስ ካሜራ ኦብስኩራ የተባለ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ በጨለማ ድንኳን ውስጥ በምስሪት የገባው ብርሃን የውጪውን ሕንፃ በወረቀት ላይ ያሳርፈዋል፣ ነዳፊው ጥላውን ተከትሎ ያሰምራል። መሣሪያው ቅርጹን ቢሰጥም ልኩን አስተካክሎ፣ የተሰበረውን ከቆመው ለይቶ፣ ብርሃንና ጥላውን አመጣጥኖ ወደ ሙሉ ሥዕል የሚያደርሰው የባሉጋኒ የቦሎኛ ትምህርት ነበር።

ከዚያ መከራው መጣ። በሊቢያ ጠረፍ መርከባቸው ተሰብራ በዋና ወደ ዳር ወጡ፤ ብዙ ዕቃም ጠፋባቸው። በ1767 ሶርያ ገብተው የፓልሚራንና የባልቤክን ዓምዶች ነደፉ። የጠፋው የኮከብ መለኪያ በሌላ የተተካው ከፈረንሳይ ነው። የተፈጥሮ ሊቁ ቡፎንና ሌሎች ወዳጆች አማልደውለት የንጉሥ ሉዊ 15ኛ መንግሥት ኳድራንት የሚባለውን መሣሪያ ላከለት። ያ የፈረንሳይ መሣሪያ ከሦስት ዓመት በኋላ አገው ምድር ድረስ ተጭኖ ይሄዳል።

ከአክሱም ሐውልት እስከ ኮሶ ዛፍ

በ1768 ግብፅ ገቡ። በቴብስ የነገሥታት መቃብር ውስጥ ሁለት በገና ደርዳሪዎች ከግድግዳ ተገለበጡ፤ ያ መቃብር እስከ ዛሬ ከብሩስ ስም ጋር ይጠራል። በ1769 ቀይ ባሕርን ተሻግረው በመስከረም ምጽዋ ወረዱ። በአድዋ በኩል አልፈውም በ1770 መጀመሪያ አክሱም ደረሱ።

አክሱም ላይ የሮሙ ትምህርት ፈተና ገጠመው። ብሩስ በመጽሐፉ ያወጣው የሐውልቱ ሥዕል ከመጠን ያለፈ ሥርዓት ያለውና በግሪክ ልክ የተቃና ነበር። ብሩስ ራሱም ሐውልቱን የአገሬው ሥራ ነው ብሎ አልተቀበለም፤ ከግብፅ ገዥዎች ከጰጥሊሞሳውያን ጋር አያያዘው። በ1805 አክሱምን ያየው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሄንሪ ሶልት የብሩስን ሥዕል ስሕተት እየነቀሰ አወጣ። በግሪክ ዓምድ የተገራ ዓይን የአክሱምን ድንጋይ እንደራሱ ሊያየው አልቻለም ነበር።

ከአክሱም ወደ ጎንደር ሲያቀኑ ሊማሊሞን ወጡ። አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሊበሉ ሲሉ አንድ ግዙፍ አሞራ ወርዶ ከድስቱ ሥጋ ሊነጥቅ ሞከረ፤ በእሳቱ ሳይበገር ከሰሐኑም የሥጋ ብልት አንሥቶ በረረ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጥይት ጣለው። «ንስር ወርቅ» ብሎ የመዘገበው ይህ ወፍ በመጽሐፉ ሥዕል ወጥቶለታል። ለዓምድ የመጣው እርሳስ ቀስ በቀስ ወደ ላባ፣ ወደ ቅጠልና ወደ ፍሬ መዞሩ ነው።

በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገቡ ዙፋኑ ላይ ያለው ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ነበር፤ አገሩን የሚያሽከረክሩት ግን የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ በሕክምናው የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ሞገስ አገኘ፤ «ሐኪም ያዕቆብ» ተብሎ በቤተ መንግሥት ባለሟል ሆነ፤ በፈረስ ግልቢያውና በተኩሱም ተደነቀ።

ባሉጋኒ የሚነድፈው የሮም ፍርስራሽ በጎንደር አልነበረም። የነበረው ዛፍና ቁጥቋጦ ነው። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ዋጊኖስ፤ ከእንስሳቱም አሽኮኮና እርኩም ከነአገርኛ ስማቸው ወደ ወረቀት ወረዱ። ስዊድናዊው ሊኔየስ የዓለምን ዕፅዋት በሁለት ስም መመደብ የጀመረበት መጽሐፍ ከወጣ 17 ዓመት ቢሆነውም ከኢትዮጵያ ደጋ ዕፅዋት እጅግ የሚበዙት ለአውሮፓ ሊቃውንት አይታወቁም ነበር።

አክሱም ላይ ያሳተው ትምህርት እዚህ ካሠው። ዓምድ ለኪው ሰው ቅጠልንም እንደ ዓምድ ለካ። የኮሶን የአበባ ዘለላ እንዴት እንደሚንዠረገግ፣ ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ላይ በስንት ጥንድ እንደሚሰደር፣ የእንሰት ግንድ ከሥሩ እንዴት እንደሚወፍር በቀለም አሳየ። አበባውንም ከፋፍሎ ክፍል ክፍሉን ለየብቻ ነደፈ። የግሪክ ሥርዓት በኮሶ ቅጠል ላይ ሊጫን አይችልም፤ ስለዚህ ባሉጋኒ ያየውን ከመሣል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የዕፅዋቱ ሥዕሎች ከአክሱሙ ሥዕል የሚሻሉትም በዚህ ይመስለኛል።

የፋሲል ፈረስ

ወደ ምንጩ ለመድረስ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በ1770 በልግ ከሸፈ። ብሩስ ጢስ ዓባይን አየ፤ የራስ ሚካኤልን ጦር ተከትሎም ሜጫ ገባ። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ግን ሸፍቶ ነበርና መንገዱ ተዘጋ። ክረምቱ ሲገባ ራስ ሚካኤል ንጉሡን ይዘው ወደ ትግራይ ሸሹ፤ በጎንደር ሱስንዮስ የሚባል ሌላ ሰው ነገሠ። አገሩ ሁለት ንጉሥ ባለበት በዚያ ወራት ነው ሁለተኛው ጉዞ የተሞከረው።

ጥቅምት መጨረሻ ከጎንደር ተነሥተው በጣና ምዕራባዊ ዳር ወረዱ። ፋሲልን ባምባ በተባለ ስፍራ ሰፍሮ አገኙት። መጀመሪያ ብሩስን በንቀት ተቀበለው፤ ሕፃን የሚያህል ሰው በነዚያ አገሮች መካከል እንዴት አልፋለሁ ይላል ብሎ ተሳለቀበት። የኋላ ኋላ ግን በብሩስ ተኩስና ፈረስ አያያዝ ልቡ ራራና ወልዶ የሚባል መሪ ሰጠው። ከዚያም የሚበልጥ ነገር ጨመረለት። የራሱን ፈረስ ከነኮርቻው አስረክቦ «አትቀመጥበት፤ ከፊትህ ይነዳ» አለው። የጌታው ፈረስ ባለበት መንገደኛውን የሚነካ የለም።

ፈረሱ ከማንኛውም የይለፍ ደብዳቤ ይልቅ ሠራ። በየመንደሩ ሕዝቡ ፈረሱን ሲያይ እንግዶቹን አሳለፈ። ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ፈረስ በዚህ አገር ከመጓጓዣነት ያለፈ ክብር እንዳለው ለሚያይ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

የሄዱበት አገር ለጎንደር የጓዳዋ ያህል ነበር። ብሩስ እንደጻፈው አገዎች ከብቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውን፣ ስንዴውን፣ ቆዳውንና ሰሙን በብዙ መቶ ሰው ተሰልፈው ወደ ዋና ከተማዋ ያወርዱ ነበር። ቅቤው በረዥሙ መንገድ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ መቅመቆ ይቀላቅሉበታል። የጎጃም ሴቶች ዛሬም ቅቤ ሲያነጥሩ የሚያውቁት መቅመቆ በአውሮፓ መጽሐፍ የተመዘገበው እንዲህ ነው። ብሩስ በጦርነት የአገውን ምድር ማጥፋት ጎንደርን ማስራብ እንደሆነም አስተውሏል፤ ጦረኞቹ ግን እየተፈራረቁ ያወድሙት ነበር።

ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም.

ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ ግሽ ደረሱ። ስፍራው ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከአዊ ዞን ጋር ይዋሰናል፣ ከእንጅባራም በስተምሥራቅ ይገኛል። በዚያ ዘመን አገው ምድር የሚባለው ክልል ይህን ሁሉ ይዞ ነበር።

ወልዶ ቦታውን ከማሳየቱ በፊት ብሩስ የታጠቀውን ቀይ የሐር መታጠቂያ ፈለገ። ተሰጠው። ከዚያ በረግረጉ መካከል ያለችውን አረንጓዴ ጉብታ አመለከተና ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረው፤ የአገሩ ሰው ውኃውን ያከብራል፤ በጫማ የሚረግጠውን ዝም አይልም። ብሩስ በባዶ እግሩ ቁልቁል ሮጠ፤ በሣሩ ሥር ተሰናክሎ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ምንጩ ላይ ደርሶ ቆመ። የጥንት ነገሥታት በሠራዊት ያልደረሱበት ቦታ ላይ ደረስሁ ብሎ ፈነጠዘ፤ ወዲያው ደግሞ ከባድ ኀዘን ወረደበት። በኮኮናት ቅርፊት ከምንጩ ውኃ ቀድቶ ስትራተስ ከሚባል ግሪካዊ ባልደረባው ጋር ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ።

በብሩስ መጽሐፍ የዚያ ቀን ተዋናዮች እነዚህ ናቸው፤ ብሩስ፣ ወልዶና ስትራተስ። ባሉጋኒ የለም። እንዲያውም መጽሐፉ ሠዓሊው ከዚህ ጉዞ በፊት እንደሞተ ያስመስላል።

እንግዶቹ በግሽ ጥቂት ቀናት ሰነበቱ። የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከምንጩ በላይ ነበረች። የስፍራው አለቃ ክፍለ አባይ የሚባሉ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ፤ የወንዙ አገልጋይነት ከአባት ወደ ልጅ የወረደላቸው ናቸው። ብሩስ ስለ ሥርዓቱ ጠየቃቸው። በዓመት አንድ ጊዜ የየነገዱ አለቆች በምንጩ ዙሪያ ተሰብስበው ጥቁር ጊደር እንደሚያርዱ፣ በዚያም ጠባቸውን አብርደው ሰላም እንደሚያወርዱ መዘገበ። ከሉዊ 15ኛ መንግሥት በመጣው ኳድራንት የቦታውን ኬክሮስ ለካ፤ ልኬቱ ከዛሬው ጋር ሲተያይ ለእውነት የቀረበ ነው። ባሉጋኒም በጣልያንኛ የጉዞውን ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ዣክ ሉዊ ዳቪድ በዚያው ወር በፓሪስ የ22 ዓመት ተማሪ ነው፤ ወደ ሮም መሄድን ይመኛል። በሮም የሠራው ባሉጋኒ ግን በአገው ምድር ቆላና ደጋ እየወጣና እየወረደ ነበር።

ሞትና መድኃኒቱ

በታኅሣሥ ራስ ሚካኤልና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ ጎንደር ተመለሱ። በቀሉ ጨካኝ ነበር። ብሩስ እንደጻፈው ከተማዋ በየቀኑ በሚገደሉ ሰዎች ተሞላች፤ ሬሳ በየመንገዱ ይወድቃል፣ ሌሊት ጅብ ይገባል። ብሩስ ራሱ በዚህ ተጨንቆ ታመመ።

ባሉጋኒ በዚህች ከተማ በ1771 መጀመሪያ ወራት በተቅማጥ በሽታ ሞተ። 33 ወይም 34 ዓመቱ ነበር። ከአልጀርስ ጀምሮ ስድስት ዓመት በብሩስ ጥላ ሥር ኖሯል።

በብሩስ መጽሐፍ ከታተሙት የዕፅዋት ሥዕሎች አንዱ የዋጊኖስ ነው። አገሬው የዋጊኖስን ሥር ልጥ ፈጭቶ ለተቅማጥ ይሰጥ ነበር። ብሩስ በ1772 መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ሲወጣ በጠረፍ ያው በሽታ ያዘው፤ በዋጊኖስ ታክሞም ዳነ። ዘሩን ወደ አውሮፓ ወሰደ። በ1779 ተክሉ ለሳይንስ ሲመዘገብ በብሩስ ስም ብሩሲያ ተባለ፤ ሁለተኛ ስሙም የተቅማጥ መድኃኒትነቱን የሚናገር ሆነ። ነዳፊው ግን መድኃኒቱ በሚበቅልበት አገር በዚያው በሽታ ሞቷል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

አምስት ቅጽ፣ አንድ ስም

ብሩስ በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በሰናርና በኑብያ በረሃ አልፎ በ1773 መጀመሪያ ካይሮ፣ ከዚያም ማርሴይ ደረሰ። ፈረንሳይ በክብር ተቀበለችው። ለቡፎን የእንስሳቱን ሥዕሎች አሳየ፤ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂ ሰጠ፤ ለንጉሡ የዕፅዋት ቦታም ዘር አበረከተ። አውሮፓውያን ሙሉውን ሄኖክ ካጡት ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበርና ቅጂው ታላቅ ስጦታ ነበር።

ለንደን ግን ተጠራጠረችው። ከቁም ከብት ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ መሣለቂያ አደረገው። የፖርቱጋሉን ኢየሱሳዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በወጣትነቱ የተረጎመው ሳሙኤል ጆንሰንም ካላመኑት አንዱ ነበር። ብሩስ ተቆጥቶ ወደ ርስቱ ገባና 16 ዓመት ዝም አለ። በ1790 አምስት ቅጽ አሳተመ።

እነዚህ ቅጾች የኢትዮጵያን ታሪክ ለሚያጠና ሁሉ እስካሁን ጠቃሚ ናቸው። በውስጣቸው ግን አንድ ትልቅ ስስት አለ፤ ቀዳሚ የመባል ስስት። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አይቶ ነበር፤ ብሩስ ይህን ሊያስተባብል ብዙ ገጽ አጠፋ። ከፓኤዝ በፊትም የአገው ልጆች በዚያ ምንጭ ዙሪያ ከብት ሲያግዱ ኖረዋል፤ ይህን እንደ ማየት አልቆጠረውም። አብሮት የነበረው አውሮፓዊ ደግሞ ለ«ብቻዬን» ትልቅ እንቅፋት ነበር። ግሪካዊው ስትራተስ በትረካው እንደ አሽከር ስለሚታይ ዝናውን አይሻማም። ቦሎኛ ያስተማረችው፣ ማስታወሻ የሚጽፈው ባሉጋኒ ግን ምስክርም ተካፋይም ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከጊዜው ቀድሞ ሞተ። ሥዕሎቹንም ብሩስ እንደራሱ ሥራ አድርጎ አሳያቸው።

ብሩስ በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ማስታወሻው ሲናገር

ብሩስ የባሉጋኒን ወረቀቶች አላቃጠለም። ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። አሌክሳንደር መሪ የተባለ፣ ግዕዝና አማርኛ የሚያነብ ስኮትላንዳዊ ሊቅ የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም እንዲያዘጋጅ ሲጠራ እነዚህን ወረቀቶች አገላበጠ። በ1805 በወጣው እትምም ባሉጋኒ በምንጩ ጉዞ አብሮ እንደነበረ ማስታወሻዎቹን ዋቢ አድርጎ ገለጠ። የተሰረዘው ሰው በገዛ እጅ ጽሑፉ ተመለሰ። ዓለም ግን ብሩስን እንዳወቀ ቀጠለ፤ እርማቱን ያነበቡት ጥቂቶች ነበሩ።

የሰሜን አፍሪካ ፍርስራሾች ሥዕሎች ከፊላቸው ለጆርጅ 3ኛ ቀርበው በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕሌፌር የብሩስን መንገድ ተከትሎ ሄዶ በ1877 ብዙዎቹን አሳተመ። በጎጃም በኩልም ዳንግላ የራሷ ድርሻ አላት። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የዓባይን ሸለቆና የጣናን ደሴቶች እየዞረ ካርታ አነሣ፤ ወደ ምንጩም ወጣ፤ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። ከብሩስ በኋላ ለዓባይ ላይኛው ተፋሰስ ዋነኛ ጽሑፍ የሆነው ሥራ መነሻው ይህች የአዊ ከተማ ነበረች።

የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥዕሎች በብሩስ ቤተሰብ ዘንድ ከቆዩ በኋላ አሜሪካዊው ሰብሳቢ ፖል ሜሎን ገዛቸው፤ አሁን በየል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማእከል ተቀምጠዋል። በ1991 ፖል ኸልተን፣ ኒጄል ሄፐርና የኢትዮጵያን ዕፅዋት ለረዥም ዘመን ያጠናው ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ ሥዕሎቹን ዘርዝረው አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ ሥዕሎቹ የሉዊጂ ባሉጋኒ መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል። ከሞቱ 220 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለአዊ ምን ይጠቅማል?

አንድ ጣልያናዊ ስሙ ስለተመለሰለት ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ምን ይጨምርለታል የሚል ይኖራል። ሁለት ነገር ይጨምርለታል እላለሁ።

አንደኛው ታሪኩ ይቃናል። «ብሩስ የዓባይን ምንጭ አገኘ» የሚለው አነጋገር ትምህርት ቤት ድረስ የገባ ነው። ምንጩን የሚጠብቁት ክፍለ አባይ፣ በፈረስ ያሳለፈው ፋሲል፣ መንገድ የመራው ወልዶ፣ የነደፈው ባሉጋኒ፣ ሁሉም ለአንድ ሰው ዝና ሲባል ወደ ዳር ተገፍተዋል። የአንዱ መሰረዝ የሌሎቹንም ያሳያል፤ አብሮት የኖረውን ሠዓሊ የሰረዘ ብዕር ለአገው ሽማግሌ ቦታ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ጥቅም ከሥዕሎቹ ራሳቸው ይመጣል። የአዊ መልክዓ ምድር በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ እርሻውንና ተራራውን ሸፍኗል፤ ገቢ አምጥቷል፣ አፈሩንም ይዟል። ኮሶና ዋንዛ ግን በብዛት የሚታዩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና በየደጃፉ ነው። ብሩስም ኮሶ በየቤተ ክርስቲያኑ ከጽድ ጋር ተተክሎ እንዳየው ጽፎ ነበር። ከ250 ዓመት በፊት በሠለጠነ እጅ፣ ከነአገርኛ ስማቸው የተነደፉ የዚህ ደጋ ዛፎች ሥዕል ለማንኛውም የዕፅዋት ተማሪ ትልቅ መነሻ ነው።

ስለዚህ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም የዞኑ ባህልና ቱሪዝም የሥዕሎቹን ቅጂ ከየል አስመጥቶ ቢያሳይ ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም። የአማርኛውን ስም ባሉጋኒና ብሩስ መዝግበውታል። የአዊኛውን ስም መጨመር ደግሞ ዛፉን ከልጅነቱ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ሥራ ነው። ያን ጊዜ በባሉጋኒ እጅ የተጀመረው መዝገብ የጎደለው ይሞላለታል።